የሕፃኑ እንባ መንገድ ሲያጣ

ያለፈው ክረምት ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀን ከሰዓት በኋላ ትምህርት እንጀምራለን። እኛ አስተማሪዎቹ አራት ነን። ሁላችንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ተማሪዎቻችን ግን አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡናል። እናቶች አሉ። አባቶች አሉ። የልጅ ልጅ ያዩም አሉ።

በመጀመሪያው ረድፍ አንዲት ወጣት እናት ትቀመጣለች። ሦስት ወር የሆነውን ልጇን አዝላ ትመጣለች። ፊደል ስትጽፍ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ ታስተኛዋለች። የሕፃኑ ግራ ዓይን ሁልጊዜ እንባ ያቀረረ ነው። ሕፃኑ አያለቅስም። እየሳቀ እንኳ እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል። ጧት ሲነሣ ደግሞ ሽፋሽፍቱ በዓይናር ተጣብቆ ዓይኑ አይገለጥም። እናቱ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለታለች። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ይሞላል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልናት።

"ከተወለደ ሦስት ሳምንት ሲሆነው ጀመረው" አለች። "ቀኙ ደህና ነው። ግራው ነው እንዲህ የሚሆንበት።"

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ምክር አለው። አንዷ "የጡትሽን ወተት ጠብ አድርጊበት" አለች። ሌላዋ "የሰው ዓይን ነው" አለች። የሕፃኑ አያት፣ ማለት የባሏ እናት፣ ግን ነገሩን ቆርጠው ነበር። "ቅዳሜ ገበያ የሚመጣ አዋቂ አለ። ቅንድቡ ሥር በምላጭ በጣ ያደርገዋል። መጥፎው ደም ሲወጣ እንባው ይቆማል" አሉ። አያቲቱ ክፉ አስበው አይደለም። ለልጅ ልጃቸው ስለ ሳሱ ነው።

ያን ጊዜ በመጨረሻው ረድፍ ያሉ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። እኒህ አባት የሚያዩት በአንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ሲጽፉ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው ነው።

"እኔም ሕፃን ሳለሁ ዓይኔ ያቀር ነበር አሉ" ሲሉ ጀመሩ። "እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይሻለዋል ብላ ቅጠል ጨመቀችበት። ከዚያ ወዲህ ይህ ዓይኔ ብርሃን አላየም። እናቴ እስክትሞት ድረስ በዚህ ነገር ስታዝን ኖረች። እስቲ መጀመሪያ ሐኪም ይመልከተው።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ተመለከተ። እኛ ደግሞ ሐኪሞች አይደለንም። መልሱን አናውቅም ነበር። "እኛ አናውቅም፤ ግን የሚያውቅ ሰው ዘንድ አብረን እንሂድ" አልን።

በማግስቱ እናቲቱ፣ አያቲቱና ከእኛ ሁለታችን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። ከዚህ በታች የምንጽፍላችሁ እዚያ ያየነውንና የሰማነውን፣ በኋላም በመጻሕፍት ያነበብነውን ነው።

እንባ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?

የጤና መኮንኑ ሕፃኑን አየ። መጀመሪያ የዓይኑን ነጭ ክፍል ተመለከተ። ነጩ እንደ ነጭነቱ ነው፤ አልቀላም። ቀጥሎ በትንሽ ባትሪ አበራበት። ሕፃኑ ብርሃኑን ተከትሎ አየ፤ አልሸሸም። ከዚያ በዓይኑና በአፍንጫው መካከል ያለችውን ጥግ በጣቱ ጫን አደረጋት። ከዓይኑ ጥግ ጥቂት ቢጫ ፈሳሽ ብቅ አለ።

"ይኸውላችሁ" አለ። "ዓይኑ ራሱ ደህና ነው። የተዘጋው የእንባው መንገድ ነው።"

እኛም "እንባ ደግሞ መንገድ አለው እንዴ?" አልነው።

አለው። እንባ የሚመጣው ስናዝን ብቻ አይደለም። ከዓይናችን በላይ፣ ወደ ጆሮ በኩል፣ እንባ የሚሠራ እጢ አለ። ይህ እጢ ቀንም ሌሊትም ጥቂት በጥቂት እንባ ያመነጫል። ዓይናችንን ጨፈን ገለጥ ባደረግን ቁጥር እንባው ዓይናችንን ያጥባል። አቧራ ያወጣል። ዓይናችን እንዳይደርቅም ይጠብቃል።

የታጠበበት ውኃ ደግሞ መውጫ ያስፈልገዋል። በአፍንጫችን በኩል ባለው የዓይናችን ጥግ፣ በላይኛውና በታችኛው ቆብ ላይ፣ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ስፋታቸው የመርፌ ጫፍ ያህል ነው። እንባው በእነዚህ ቀዳዳዎች ገብቶ ወደ አንዲት ትንሽ ከረጢት ይሄዳል። ከከረጢቷ ተነሥቶ በቀጭን ቦይ ወደ አፍንጫ ውስጥ ይወርዳል። ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈሰው ለዚህ ነው። ዓይናችን ውስጥ መድኃኒት ሲንጠባጠብ ጉሮሯችንን የሚመረንም ለዚህ ነው።

መንገዱ የሚዘጋው ለምንድን ነው?

ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ይህ ቦይ ገና እየተሠራ ነው። በታችኛው ጫፉ፣ አፍንጫ ውስጥ በሚገባበት ቦታ፣ ስስ ሽፋን አለ። በአብዛኞቹ ሕፃናት ይህ ሽፋን በመወለጃቸው ጊዜ ግድም ይከፈታል። በአንዳንዶቹ ግን ሳይከፈት ይቀራል። ከ100 ሕፃናት ከ5 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ምልክቱ ይታያል። አንዳንዱ በአንድ ዓይኑ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ በሁለቱም ነው።

ሕፃኑ እንደ ተወለደ ብዙ እንባ የለውም። እንባው እየበዛ የሚሄደው ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ነው። ስለዚህ እናቶች ነገሩን የሚያስተውሉት በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ነው።

የጤና መኮንኑ ወደ አያቲቱ ዞር ብሎ "እማማ፣ የመስኖ ቦይ በጭቃ ሲደፈን ውኃው ምን ይሆናል?" አላቸው።

"ተመልሶ ማሳውን ያጥለቀልቃል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!" አሉ አያቲቱ።

"ቆሞ ሲሰነብትስ?"

"ይሸታል። አረንጓዴ ይለብሳል።"

"የሕፃኑም እንባ እንዲሁ ነው። መውረጃ ሲያጣ በጉንጩ ላይ ይፈሳል። በከረጢቷ ውስጥ ቆሞ ሲሰነብት ደግሞ ዓይናር ይሆናል። ታዲያ ቦዩ የተደፈነ እንደ ሆነ የማሳውን ዳር በምላጭ መብጣት ምን ይጠቅማል?" አላቸው።

አያቲቱ ዝም አሉ። ቆይተውም "እውነትህን ነው፤ ቦዩን ነው መጥረግ" አሉ።

እንግዲህ ይህን እንወቅ። ይህ ነገር የሰው ዓይን አይደለም። እናቲቱ የበላችው ወይም ያልበላችው ነገር አላመጣውም። የቦዩ መዘጋት ከልጅ ወደ ልጅም አይተላለፍም። የማንም ጥፋት አይደለም።

ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ይህ ነው። እንዲህ ካሉ 10 ሕፃናት መካከል ዘጠኙ ያህል አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ቦያቸው በራሱ ይከፈታል። ምላጭም፣ መርፌም፣ ቅጠልም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ንጽሕና፣ የእናት ጣትና ትዕግሥት ነው።

ቦዩን እንዴት እንርዳ?

እ.ኤ.አ. በ1923 ክሪግለር የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም አንድ ዘዴ ጻፈ። ዘዴው በጣት ከረጢቷን ጫን አድርጎ ወደ ታች መግፋት ነው። በከረጢቷ ውስጥ ያለው እንባ ወደ ታች ሲገፋ ስሱን ሽፋን ይጫነዋል። በዚህ ግፊት ሽፋኑ ሊከፈት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1982 ኩሽነር የሚባል ሌላ ሐኪም ይህን ዘዴ መረመረ። እንዲሁ ላይ ላዩን ከማሸት ይልቅ ክሪግለር እንዳለው ጫን አድርጎ ወደ ታች መግፋቱ የተሻለ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ አሠራሩን ደህና አድርገን እንያዝ።

1. እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ጥፍራችንን አሳጥረን እንቁረጥ። ረጅም ጥፍር የሕፃኑን ቆዳና ዓይን ይቧጭራል።

2. ውኃ አፍልተን እናቀዝቅዝ። ለብ ሲል ንጹሕ ጥጥ ወይም የተቀቀለ ንጹሕ ጨርቅ ነክረን ዓይናሩን እንጥረግ። ከአፍንጫ በኩል ጀምረን ወደ ጆሮ በኩል እንጥረግ። አንድ ጊዜ የጠረግንበትን ጥጥ መልሰን ዓይኑ ላይ አናሳርፍ። ለሌላው ዓይን ሌላ ጥጥ እንጠቀም።

3. የጣታችንን ጫፍ በዓይኑና በአፍንጫው መካከል ባለችው ጥግ ላይ እናድርግ። ጣታችን የሚያርፈው ዓይኑ ላይ አይደለም። በአፍንጫው አጥንት ዳር ነው።

4. ጣታችንን ጫን እናድርግ። እንደ ተጫነ ወደ ታች፣ በአፍንጫው ጎን፣ አንድ ጊዜ እንሳበው። አጥብቀን ግን ሕፃኑን ሳናሳምም ነው። ከታች ወደ ላይ አንመልሰው። ጣታችንን አንሥተን እንደገና ከላይ እንጀምር።

5. ይህን ከ5 እስከ 10 ጊዜ ደጋግመን እንሥራ። በቀን ከ2 እስከ 4 ጊዜ እናድርገው። ሕፃኑ ሲጠባ ማድረጉ ይቀላል፤ ያን ጊዜ አይወራጭም።

6. ስንጫን ዓይናር ብቅ ቢል አንደንግጥ። በንጹሕ ጥጥ እንጥረገው። መጨረሻ ላይ እጃችንን እንደገና እንታጠብ።

የጤና መኮንኑ በመጀመሪያ ራሱ ሠርቶ አሳየ። ቀጥሎ እናቲቱ እንድትሠራ አደረገ። መጀመሪያ ፈራች። ጣቷን ላይ ላዩን ብቻ አስነካች። "ጫን በይው፤ አይሰበርም" አላት። ሁለተኛ ሞከረች። ሦስተኛ ሞከረች። ሕፃኑ ትንሽ ተነጫነጨና ጡቱን ቀጠለ። እሷም ሳቀች።

"ይህ ብቻ ነው?" አለች።

"ይህ ብቻ ነው። ግን በየቀኑ ነው። አንድ ቀን አድርገሽ አንድ ሳምንት ብትረሺ ዋጋ የለውም" አላት።

1 እና 3

የሕፃኑ ዓይናር ቢጫ ስለ ነበረ የጤና መኮንኑ ለጥቂት ቀናት የሚሆን የዓይን ቅባት ሰጠ። ቅባቱ ቴትራሳይክሊን ይባላል። ቅባቱ ቦዩን አይከፍትም። ተቋጥሮ የከረመውን እንባ ያቆሸሹትን ጀርሞች ብቻ ይቀንሳል። ዓይናር የሌለበት፣ እንባ ብቻ የሚያቀር ሕፃን ቅባት አያስፈልገውም። ቅባት የሚታዘዘው በጤና ባለሙያ ነው።

ቤት ስንደርስ አንድ ነገር ሆነ። አያቲቱ ከሣጥናቸው አንድ አሮጌ የቅባት ቱቦ አወጡ። ባለፈው ዓመት ለእግር ቁስል የተገዛ ነው። "ይኸውና! ይህም ቴትራሳይክሊን ነው አሉኝ። ያኛውን ለሌላ ጊዜ እናስቀምጠውና በዚህ እንጀምር" አሉ። ሁለቱ ቱቦዎች በመልክ ይመሳሰላሉ።

እናቲቱ ሁለቱንም ተቀበለችና ወደ በሩ ብርሃን ወሰደቻቸው። ፊደል ገና በመማር ላይ ናት። ቁጥር ግን ለይታለች። "እማዬ፣ ይህ 3 ነው የሚለው። ሐኪሙ የሰጠን 1 ነው የሚለው" አለች።

ትክክል ናት። ቴትራሳይክሊን በሁለት ዓይነት ይገኛል። 1 ከመቶ የሆነው ለዓይን ነው። 3 ከመቶ የሆነው ለቆዳ ነው። የቆዳው ቅባት ለዓይን አልተዘጋጀም። የሕፃን ዓይን ይጎዳል። የሁለቱ ልዩነት አንዲት ቁጥር ናት። ያቺን ቁጥር ያነበበች እናት የልጇን ዓይን ጠበቀች። ስለዚህ ቅባት ስንገዛ ወይም ስንቀበል ቁጥሩን እናንብብ። የሚያበቃበትን ዓመትም እንመልከት። ማንበብ ቢያቅተን እንጠይቅ። የተከፈተ የዓይን ቅባት ከአንድ ወር በኋላ ይጣላል። ለሌላ ልጅም አይሰጥም።

ካለ ትእዛዝ የዓይን ጠብታ ከሱቅ ገዝተን ለሕፃን አናድርግ። አንዳንዱ ጠብታ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት አለበት። ይህ ካለ ሐኪም ክትትል ሲደረግ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ጨምሮ ብርሃን ሊያጠፋ ይችላል።

ምን አናድርግ?

"እኩላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች" ይባላል። እኛም ለልጃችን መድኃኒት ያደረግን መስሎን ዓይኑን እንዳናጠፋ እንጠንቀቅ።

የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ አናድርግ። ጭማቂው የዓይንን መስተዋት ሊያቃጥል ይችላል። የዓይን መስተዋት የምንለው ከፊት ያለውን፣ ብርሃን የሚያስገባውን ጥርት ያለ ክፍል ነው። መስተዋቱ ቆስሎ ሲድን ነጭ ጠባሳ ይተዋል። በጠባሳ ውስጥ ብርሃን አያልፍም። ክፍላችን ውስጥ ያሉት አባት እንዳጫወቱን ያለው ጉዳት የሚደርሰው እንዲህ ነው።

የጡት ወተት፣ ሽንት፣ ቅቤ፣ ኩል ዓይን ውስጥ አናድርግ። የጡት ወተት ለሕፃን ከምግብ ሁሉ የበለጠ ምግብ ነው። ቦታው ግን አፍ ነው። ዓይን ውስጥ ሲገባ የተዘጋ ቦይ አይከፍትም።

በምላጭ አንብጣ። ብጣት ቦዩን አይነካውም። የሚያመጣው ደም መፍሰስን፣ ቁስልንና ጠባሳን ነው። ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ ቴታነስ ሊገባ ይችላል፤ ቴታነስ ደግሞ ሕፃን ይገድላል።

የሚጠበቀውና የማይጠበቀው

አንባቢዎቻችን፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። "ጠብቁ፤ በራሱ ይድናል" ብለናል። ይህ ቃል የሚሠራው ዓይኑ ነጭ ለሆነ፣ ላላበጠ፣ ብርሃን ለማይሸሽ ሕፃን ብቻ ነው። እንባ የሚያቀር ዓይን ሁሉ ቦዩ የተዘጋ አይደለም። አንዳንዱ አንድ ቀን እንኳ አይጠበቅም። ልዩነቱን እንወቅ።

አንደኛ፣ በተወለደ በ28 ቀናት ውስጥ የሕፃኑ ዓይን ካበጠ፣ ከቀላና ብዙ መግል ካወጣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ሌሊት ቢሆን ሌሊት እንውሰደው። ይህ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላል። ጨብጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ባሉት ቀናት ይታያል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ክላሚዲያ የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 14 ባሉት ቀናት ይታያል። እናቲቱ በሽታው እንዳለባት ላታውቅ ትችላለች። ስለዚህ ማፈር አያስፈልግም። ሕፃኑም፣ እናትም፣ አባትም ይታከማሉ።

ይህን በሽታ መከላከል ይቻላል። በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ክሬዴ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በላይፕሲግ ከተማ ሕፃናት እንደ ተወለዱ ዓይናቸው ላይ መድኃኒት ጠብ ማድረግ ጀመረ። ከዚያ በፊት በእሱ ሆስፒታል ከ100 ሕፃናት 10 ያህሉ በዚህ የዓይን በሽታ ይያዙ ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ከ1 በታች ወረደ። ዛሬ በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ሕፃኑ እንደ ተወለደ የሚቀባው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ሥራው ይኸው ነው። በጤና ተቋም መውለድ ከሚጠቅምባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ሕፃኑ ሲወለድ በዓይኑ ጥግ፣ በአፍንጫው ጎን፣ ሰማያዊ የሚመስል እብጠት ካለው ቶሎ ሐኪም ይየው። እብጠቱ ወደ አፍንጫ ውስጥ ከገባ ሲጠባ ትንፋሽ ያሳጣዋል።

ሦስተኛ፣ ያ ጥግ በኋላ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከጋለና ሲነኩት ካመመው፣ ወይም ሕፃኑ ትኩሳት ካለው ከረጢቷ አመርቅዛለች ማለት ነው። በጣት መጫኑን እናቁም። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም እንሂድ።

አራተኛ፣ ሕፃኑ ብርሃን ሲያይ ዓይኑን ከጨፈነና ከሸሸ፣ የዓይኑ መስተዋት ጉም የለበሰ ከመሰለ፣ ወይም ዓይኑ ከልክ በላይ ከተለቀ ሳንውል ሳናድር ወደ ዓይን ሐኪም እንውሰደው። ይህ ከልደት ጀምሮ የሚመጣ ግላኮማ ሊሆን ይችላል። ግላኮማ በዓይን ውስጥ ግፊት የሚጨምር በሽታ ነው። እሱም እንባ ያስቀርራል። ብዙ ሰው የተዘጋ ቦይ እየመሰለው የሚዘናጋው በዚህ ነው። በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ከታየም እንዲሁ ቶሎ ይታይ።

አምስተኛ፣ ከፍ ከፍ ያሉ ልጆች ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቶ፣ ዝንብ እየወረረው፣ የሚያሳክካቸው ከሆነ ትራኮማ ሊሆን ይችላል። ትራኮማ ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። በአገራችን የብዙ ሰው ብርሃን ያጠፋ በሽታ ነው። የልጆችን ፊት በየቀኑ ማጠብና መጸዳጃ ቤት መሥራት ይከላከለዋል። የተዘጋ ቦይ የሚጀምረው ገና በጨቅላነት ነው፤ ትራኮማ ግን ቆይቶ የሚመጣ ነው። ቢምታታብን ጤና ኬላ ሄደን እንጠይቅ።

አንድ ዓመት ቢሞላውስ?

ሕፃኑ አንድ ዓመት ሞልቶት እንባው ካልቆመ ተስፋ አንቁረጥ፤ ቸልም አንበል። ያን ጊዜ ወደ ዓይን ሐኪም ይላካል። ሐኪሙ ጫፉ የማይወጋ ቀጭን የብረት ዘንግ በእንባው ቀዳዳ አስገብቶ በቦዩ ውስጥ ወደ አፍንጫ ያሳልፋል። ስሱ ሽፋን ይከፈታል። ቆዳ አይቀደድም። ሥራው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ልጁ እንዳይወራጭና እንዳያመው ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። በአንድ ዓመት ግድም ከተሠራላቸው ልጆች አብዛኞቹ በዚህ አንድ ጊዜ ይድናሉ። ያልዳነ እንደ ሆነ ዘንጉ እንደገና ይገባል፤ ወይም ለስላሳ ቀጭን ቱቦ በቦዩ ውስጥ ለጥቂት ወራት ይቀመጣል።

እንዲህ ያለው ሕክምና የሚገኘው የዓይን ሕክምና ክፍል ባለበት ሆስፒታል ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የዓይን ሕክምና ክፍል አላቸው። መጀመሪያ ግን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የመላኪያ ወረቀት እዚያ ይጻፍልናል።

ሚያዝያ

እናቲቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዋን አላቋረጠችም። በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ አራት ቃላት ጻፈች። "ጧት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት" የሚሉ ናቸው። ልጇን በጣቷ በረዳችው ቁጥር ከቃሉ ሥር አንድ ጭረት ታሰምራለች። አያቲቱ ደግሞ ውኃ የማፍላቱን ሥራ ያዙ። ትንሿን ድስት ለዚህ ብቻ ለዩዋት። ማንም ሌላ ነገር እንዲሠራባት አይፈቅዱም። የቅዳሜው አዋቂ መጥቶ በጠየቀ ጊዜ "የእኛስ ልጅ ቦዩ ነው የተደፈነው፤ እየጠረግነው ነው" ብለው መለሱት።

እኛ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስንሰናበት ሕፃኑ አምስት ወር ሊሞላው ነበር። ዓይኑ ፈጽሞ አልደረቀም። ነፋስ ሲመታው አሁንም ያቀራል። ጧት ግን አይጣበቅም። ዓይናሩ ጠፍቷል።

"ባይከፈትስ?" አልናት ስንለያይ።

ደብተሯን ገልጣ አሳየችን። ከጭረቶቹ በታች ትልልቅ አድርጋ "ሚያዝያ" ብላ ጽፋለች። ልጇ የተወለደበት ወር ነው። በሚያዝያ አንድ ዓመት ይሞላዋል።

"እስከዚያ በጣቴ" አለች። "በሚያዝያ ካልደረቀ ተነሥቼ እሄዳለሁ። አሁን ቀኑን አውቀዋለሁ።"

በመጨረሻው ረድፍ ያሉት አባት ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። "የእኔም እናት ይህን ብታውቅ ኖሮ" አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

እናንተም ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ላላነበበ ጎረቤት አንብቡለት። ከዚያ በሚከተሉት ጥያቄዎች አብራችሁ ተወያዩ።

1. ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈሰው ለምንድን ነው?

2. የሕፃኑ እንባ ቦይ የሚዘጋው በየትኛው ጫፍ ነው?

3. ጣታችንን የምናሳርፈው የት ላይ ነው? ወዴትስ እንገፋለን?

4. 1 የሚለው ቅባት ለምን ነው? 3 የሚለውስ?

5. አንድ ቀን እንኳ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?

6. በአካባቢያችን ዓይኑ የሚያቀር ሕፃን አለ? ነጩ ነጭ ነው ወይስ ቀልቷል?